ዝናቡ ሲያመልጠን፤ ስለ እርከን፣ ስለ ቦረቦርና ስለ ደረቁ ችግኞች ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ዝናቡ ጠባዩን ለውጧል፣ መሬታችን እንዴት ይቻለው? ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አጣምረን፣ ረዘም ያለ መልስ የሚሹትን ረዘም አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ እርከን ጎርፍ ለመከላከል ነው ሲባል እሰማለሁ። የእኛ ችግር ግን ጎርፍም ድርቅም ነው። በአንድ ቀን ያጥለቀልቀናል፣ ከዚያ ለሦስት ሳምንት ጠብታ አናይም። አንድ ሥራ ለሁለት ተቃራኒ ችግር እንዴት መድኃኒት ይሆናል?

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች ተቃራኒ አይደሉም። በጎርፍ ከማሳዎ የወጣው ውሃ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰብልዎ የሚያጣው ያው ውሃ ነው። አየር ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ በኃይል ይወርዳል፤ በሁለት ዝናብ መካከል ደግሞ ያው የሞቀ አየር ከአፈሩ እርጥበት ይመጥጣል። የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ባይቀንስም እንኳ አመጣጡ ከተለወጠ ገበሬው ይጎዳል።

በቁጥር እንየው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር፣ በ1 ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ነው። በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ወረደ እንበል። አፈሩ በሰዓት 15 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያሰርግ ከሆነ 35 ሚሊ ሜትሩ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር 350,000 ሊትር፣ ወደ ታች ይሄዳል። በሞቃት ወቅት ያደገ ሰብል በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠጣል። በዚያች ሰዓት ያመለጠው ውሃ እንግዲህ የሰባት ቀን ቀለብ ነበር።

አፈሩ ውሃውን እምቢ የሚለው ለምንድን ነው? ትልቅ የዝናብ ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 9 ሜትር ይደርሳል። ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ጓሉን ይፈረካክሰዋል፤ የደቀቀው ብናኝ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ዝናቡ ካባራ ከሁለት ቀን በኋላ ባዶ ማሳ ላይ ጎንበስ ብለው ላዩን በጥፍርዎ ያንሡት፤ እንደ ቅርፊት የሚላቀቅ፣ ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠጣር ሽፋን ያገኛሉ። ጎርፉን የፈጠረው ያ ሽፋን ነው። ገለባ ወይም ሣር በነበረበት ቦታ ግን ያው አፈር ፍርፍር እንዳለ፣ በጣት ሲነካ የሚበተን ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ከውሃው ጋር የሚሄደው አፈርም አለ። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ከአንድ ሄክታር ሲታጠብ ከ12 ቶን በላይ ነው፤ በዓይን ግን አይታወቅም። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ መሬት ባወጣው ልዩ ሪፖርት፣ በተለመደው መንገድ በሚታረስ ማሳ አፈር የሚታጠብበት ፍጥነት አዲስ አፈር ከሚፈጠርበት ከ100 እጥፍ በላይ እንደሚሆን ገምቷል። አፈር የውሃ ጋን ነው። ጋኑ በየዓመቱ እያነሰ ከሄደ ዝናቡ ቢያምር እንኳ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። የመሬት ጥበቃ ሥራ ሁሉ፣ ስሙ እርከንም ይሁን ክትር ወይም ጉዝጓዝ፣ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ውሃውን ከወረደበት ሳይርቅ ማስረግና ጋኑን ማቆየት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት የሠራነው የአፈር እርከን በአንድ ሌሊት ዝናብ ተበጣጠሰ። ያልተሠራበት ማሳ ካገኘው የበለጠ ጉዳት ደረሰብን። ጥፋቱ የት ላይ ነው?

መልስ፦ የተበጠሰ እርከን ካልተሠራ እርከን የከፋ መሆኑ እውነት ነው። ጎርፉን በአንድ ቦታ ያጠራቅምና በአንድ ቀዳዳ ይለቀዋል፤ የላይኛው ሲሄድ የታችኛው ያንን ሁሉ አይችልም፣ እየተከታተሉ ይፈርሳሉ። ስለዚህ ከመጠገንዎ በፊት መጀመሪያ የተበጠሰው የትኛው እንደሆነ ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ከላይ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ነው።

ምክንያቱ ከአራት አንዱ ነው ብለን እንገምታለን። የመጀመሪያው ከማሳው በላይ ካለው ተራራ ወይም መንገድ የሚመጣ ጎርፍ ነው። እርከን የተሰላው በሁለት እርከኖች መካከል ለሚወርደው ዝናብ ብቻ ነው፤ የጎረቤትን ጎርፍ እንዲሸከም አይደለም። ከማሳው ራስ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከሌለ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ሥራ ከተፋሰሱ አናት ይጀመር የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። ተዳፋቱ 10 በመቶ ቢሆንና በእርከኖቹ መካከል 10 ሜትር ቢተው፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር የእርከን ርዝመት የ10 ካሬ ሜትር ውሃ ይቀበላል። ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው በሜትር 300 ሊትር ይይዛል። ከቦዩ በታች በኩል የሚከመረው የአፈር ካብ ከፍታ ከታመቀ በኋላ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ከቦዩ በላይ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢተኛ ሌላ 310 ሊትር ያህል ይጨመራል። በድምሩ 610 ሊትር። 80 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ግማሹ ቢጎርፍ 400 ሊትር ነው፤ እርከኑ ይችለዋል። አፈሩ አስቀድሞ የራሰ ሆኖ 120 ሚሊ ሜትር ቢወርድና 60 በመቶው ቢጎርፍ ግን 720 ሊትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ውሃው ለደህንነት የተተወውን የካቡን ከፍታ መብላት ይጀምራል። ቦዩ ደግሞ ግማሹ በደለል ከተሞላ 150 ሊትሩ ከወዲሁ ጠፍቷል። በአያቶቻችን ዘመን ዝናብ ልክ የተሰላ እርከን ዛሬ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከባድ ዝናብ ከበዛ ሁለቱን እርከን ያቀራርቧቸው ወይም ቦዩን በየዓመቱ ይጥረጉ። ሁለተኛው ይረክሳል፤ የሚረሳውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ያልታመቀ አፈር ነው። ካብ ሲሠራ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይረገጣል። ወርውሮ ብቻ የተከመረ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ይሰምጥና በጣም የሰመጠችው ነጥብ የጎርፍ በር ትሆናለች። በቦዩና በካቡ መካከልም 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ያልተነካ መሬት ይተው፤ ካልተተወ የካቡ እግር ወደ ቦዩ ይናዳል።

አራተኛውና በብዛት የሚያጋጥመው ልኩ የተሳሳተ መሥመር ነው። በዓይን የተለካ መሥመር ሁልጊዜ ያታልላል። ኤ-ፍሬም፣ ማለትም በ‘A’ ፊደል ቅርጽ የሚሠራ የውሃ ልክ መለኪያ እንጨት፣ መሥራት ግን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከ2 ሜትር ትንሽ የሚረዝሙ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች አናታቸው ላይ ይጣመራሉ፤ እግሮቻቸው ልክ 2 ሜትር ይራራቃሉ፤ ወገባቸው ላይ አግዳሚ እንጨት ይመታል። ከአናቱ ቱንቢ ይንጠለጠላል፤ ክር ላይ የታሰረ ድንጋይ ይበቃል። ከዚያ ይስተካከላል። ሁለቱን እግሮች በሁለት ችካል ላይ አቁመው ክሩ አግዳሚው ላይ ያረፈበትን ምልክት ያድርጉ። እግሮቹን አቀያይረው በዚያው ችካል ላይ መልሰው ያቁሙና ሁለተኛ ምልክት ያድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መሐል የውሃ ልክ ነው። ክሩ እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። አንዱን እግር ተክለው ሌላውን እያዞሩ፣ ችካል እየቀበሩ ማሳውን ያቋርጡ። ነፋስ ባለበት ሰዓት አይለኩ፤ ክሩ ይወዛወዛል።

ችካሎቹ ተቀብረው ሲያልቁ መሥመሩ ጠመዝማዛ ይሆናል። ለእርሻ እንዲመች ትንሽ ማቃናት ይቻላል፤ ነገር ግን መሥመሩ ረባዳ ቦታ ሲያቋርጥ ካቡ እዚያ ላይ ከፍ ብሎ መሠራት አለበት። ደልዳላ መሆን ያለበት የካቡ አናት ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ካቡን በሁሉም ቦታ እኩል ቁመት ይሰጠዋል፤ ረባዳው ላይ ያለው አናት ዝቅ ይላል፣ ውሃው ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል። በቦዩ ውስጥም በየ5 ሜትሩ ገደማ ከቦዩ አፍ ዝቅ ያለ አጭር መገደቢያ ይተው። መሥመሩ ጥቂት ቢሳሳት እንኳ ውሃው ወደ አንድ ጫፍ አይሮጥም።

የእግር መንገድና የከብት መሻገሪያን አይርሱ። ሰው በየቀኑ የሚረግጣት የካብ አናት በዓመት ውስጥ ዝቅ ትላለች። መሻገሪያው በድንጋይ ይነጠፍ።

ጥያቄ፦ እርከን ከሠራሁ በኋላ ከካቡ በላይ ያለው ሰብል ቢጫ ሆነ፤ ሥሩም በሰበሰ። ማሳዬ ጥቁር የሸክላ አፈር ነው።

መልስ፦ ለእርስዎ ማሳ የተሳሳተው እርከን ተሠርቷል። ጥቁር ሸክላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጥና ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ በጣም በዝግታ ነው የሚያሰርገው። ደልዳላ እርከን ውሃ የሚያሰርግ አፈር ይፈልጋል። ለእርስዎ የሚሆነው ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን የሚያወጣ ዘንበል ያለ እርከን ነው፤ ዘንበሉም 0.5 በመቶ፣ ማለትም በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር። በኤ-ፍሬም ሲለኩ በውሃው መውጫ አቅጣጫ ያለውን እግር 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያደርጉታል። ከ1 በመቶ አይለፉ፤ ቦዩ ራሱ መሸርሸር ይጀምራል።

የሚወጣው ውሃ መድረሻ ያስፈልገዋል። ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ሣር የለበሰ ማፋሰሻ ቢያንስ ከአንድ ክረምት በፊት ይዘጋጅ። ሣሩ ሳይዝ ውሃ የተለቀቀበት ማፋሰሻ በዚያው ዓመት ቦረቦር ሆኖ ይገኛል። የመውጫ ቦታ ከሌለዎትና ከታች ያለው ጎረቤትም ካልተስማማ እርከኑን አይጀምሩ፤ መጀመሪያ ስምምነቱ ይቅደም።

ጥያቄ፦ እርከን መሬቴን በላው። እውነት ያዋጣል?

መልስ፦ ቅሬታዎ ትክክል ነው፤ ባለሙያዎችም አቅልለው ሊያዩት አይገባም። ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ክፍተቱ 25፣ የካቡ እግር 1 ሜትር ሲሆን ከየ10 ሜትሩ 1.85 ሜትር ይሄዳል። ይህን መሬት ባዶውን ከተዉት ኪሳራ ነው። ካቡ ላይ መኖ ሣር ወይም ጥራጥሬ ሲበቅልበት ግን ማሳው ሁለት ምርት ይሰጣል፣ ሥሩም ካቡን ይይዛል። ተዳፋቱ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ቁፋሮ ላያስፈልግዎ ይችላል፤ በኮንቱር (እኩል ከፍታ ባለው) መሥመር ላይ የሚተው 1 ሜትር ስፋት ያለው የሣር ረድፍ ይበቃል። ቬቲቨር የተባለውን ሣር ከመረጡ በ10 እና 15 ሳንቲ ሜትር መካከል አራርቀው በአንድ መሥመር ይትከሉት። ሲዘጋ ደለሉን ራሱ ያስቀራል፤ ለመዝጋት ግን ሁለት ሦስት ክረምት ይወስዳል፣ ጥላም አይወድም።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። በሁለት እርከኖች መካከል ያለው አፈር በእርሻና በጎርፍ ቀስ እያለ ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ከየካቡ በላይ ያለው መሬት ሲወፍር ከካቡ ሥር ያለው ይሳሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት የሚቀንሰው በዚያ በሳሳው ክፍል ነው። ፍግና ኮምፖስት ሲኖርዎ በማሳው ላይ እኩል አይበትኑት፤ ከየካቡ በታች ላለው 2 እና 3 ሜትር ቅድሚያ ይስጡ።

ጥያቄ፦ አፈር ውስጥ ያለ ካርቦን በ1 በመቶ ቢጨምር መሬት እጅግ ብዙ ውሃ እንደሚይዝ አነበብኩ። እውነት ነው? ገለባስ ባርሰው ይሻላል ወይስ ላዩ ላይ ልተወው?

መልስ፦ የመጀመሪያው የተጋነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንተና እንዳሳየው፣ ካርቦን በ1 በመቶ ሲጨምር ለተክል የሚሆነው ውሃ በአማካይ የሚጨምረው በ100 ሚሊ ሜትር አፈር 1.16 ሚሊ ሜትር ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲሰላ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ለሰብል የአንድ ቀን ፍጆታ አይሞላም። በዚያ ላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ ሄክታር ወደ 3,900 ቶን አፈር አለው፤ 1 በመቶ ማለት 39 ቶን ካርቦን መጨመር ነው። የአንድ ሁለት ዓመት ሥራ አይደለም።

ታዲያ ብስባሽ ጥቅም የለውም ማለት ነው? ከቶ አይደለም! ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ቦታ ነው። ብስባሽና ሥር የአፈሩን ብናኝ አጣብቀው ጓል ያደርጉታል፤ ጓሉ በጠብታ አይፈርስም፤ ቅርፊቱ አይሠራም፤ ዝናቡ ይሰርጋል። በመጀመሪያው መልሳችን ካየነው 35 ሚሊ ሜትር የባከነ ውሃ ውስጥ ግማሹን ማስረግ ከተቻለ፣ ከ3.5 ሚሊ ሜትሩ ጋር አይወዳደርም፤ ያውም በአንድ ዝናብ ብቻ። ለዓለም አየር ንብረትም ቢሆን አፈር ትልቅ ጎተራ ነው፤ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ውስጥ የተከማቸው ኦርጋኒክ ካርቦን በከባቢ አየር ካለው ይበልጣል። የተራቆተ መሬት ሲያገግም ካርቦን ያከማቻል፤ ጎተራው እየሞላ ሲሄድ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ መሬቱ እንደገና ከተራቆተም የተከማቸው ተመልሶ ይወጣል። ለገበሬው ቀድሞ የሚደርሰው ጥቅም ውሃው ነው።

ገለባውን ላዩ ላይ ይተዉት። ከአፈር ጋር ሲታረስ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይወስዱና ሰብሉ ለጥቂት ሳምንታት ቢጫ ይሆናል። ላይ ሲቀር ይህ ችግር በጣም ይቀንሳል። ከማሳው ላይ አንድ ሦስተኛው ብቻ እንኳ ቢሸፈን የአፈር መታጠብ ከባዶ መሬት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ምን ያህሉ እንደተሸፈነ ለማወቅ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ የተቋጠረ 10 ሜትር ገመድ በማሳው ላይ አግድም ሰያፍ ይዘርጉ፤ ከ100ው ቋጠሮ ገለባ የነካው ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ። ሠላሳ ከሆነ 30 በመቶ ነው። በሦስት ቦታ ደጋግመው አማካዩን ይውሰዱ።

ከብቶቹ ምን ይብሉ ለሚለው ቀላል መልስ የለንም። ገለባው ሁሉ ለመኖ ከሄደ ማሳው ይራቆታል፣ ሁሉም ማሳ ላይ ከቀረ ከብቱ ይራባል። ለዚህ ነው በካቡ ላይ የሚበቅለውን መኖ እንደ ትርፍ የማናየው፤ ገለባውን ለማሳው የሚያስቀረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በማሳችን ጠርዝ ያለው ቦረቦር በየክረምቱ ወደ ላይ ይሄዳል። በድንጋይ ክትር ዘግተነው ነበር፤ ውሃው በጎኑ ዞሮ ሌላ ቦይ ቀደደ።

መልስ፦ በጎን የዞረው የክትሩ አናት ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለሆነ ወይም ከዳሮቹ መሐሉ ከፍ ስላለ ነው። የክትር መሐል ቢያንስ በ30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ውሃ ማስተንፈሻ ይሆናል፤ ዳርና ዳሩ ከፍ ይላል። ሁለቱም ጎኖቹ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ይገባሉ፤ መሠረቱም እንዲሁ ይቀበራል። ከማስተንፈሻው የሚወድቀው ውሃ የሚያርፍበት ቦታ በጠፍጣፋ ድንጋይ ካልተነጠፈ ውሃው ሥሩን ይቆፍርና ክትሩ ወደ ፊት ይደፋል።

ማስተንፈሻው ላይ ቁመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ የደረቅ ድንጋይ ክትር አይሥሩ። ዝቅተኛ ክትሮች ተደጋግመው ሲሠሩ ከአንድ ረጅም ይሻላሉ። ርቀታቸው የሚታወቀው የታችኛው ማስተንፈሻ ከላይኛው ክትር ሥር ጋር እኩል ከፍታ ሲኖረው ነው። የቦረቦሩ ወለል 10 በመቶ ቢዘቅዝቅና ማስተንፈሻው ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ቢል በየ10 ሜትሩ አንድ፣ 5 በመቶ ከሆነ በየ20 ሜትሩ አንድ።

ክትር ግን ሁለተኛ ሥራ ነው። ቦረቦር የሚያድገው ከራሱ በኩል ነው፤ ውሃው ከአናቱ እየተወረወረ ሥሩን ይበላል፣ ከላይ ያለው አፈር ይደረመሳል። ያ ውሃ ከየት ይመጣል? ወደ ላይ እየሄዱ ይከተሉት። አንዳንዴ የድሮ የእግር መንገድ፣ አንዳንዴ የመኪና መንገድ ቱቦ መውጫ ሆኖ ያገኙታል። ውሃው ከላይ ከተቀለበሰ ገደል የመሰለው ራሱ በ45 ዲግሪ ተስተካክሎ ሣር ይተከልበታል፣ ይታጠራል። ከላይ ምንም ሳይሠራ ከታች ድንጋይ መደርደር የጉልበት ኪሳራ ነው። ደለሉ ክትሩን ሞልቶ ሲደላደል ጊዜ ሳይሰጡ ሣርና ቁጥቋጦ ይትከሉበት፤ ድንጋዩ የሚገዛልዎት ተክሉ ሥር እስኪሰድ ያለውን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ደልዳላ ሆኖ ላዩ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ምንም የማያበቅል ቦታ አለን። ዝናቡም አነስተኛ ነው። ተስፋ አለው?

መልስ፦ አለው። በቡርኪናፋሶ ሰሜናዊ ክፍል ገበሬዎች ዛይ የሚሉት ጉድጓድ ለእንዲህ ዓይነት መሬት የተፈጠረ ነው። ያኩባ ሳዋዶጎ የተባሉ ገበሬ ይህን የቆየ ዘዴ አሻሽለው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በተራቆተ መሬት ላይ ጫካ አብቅለውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ጉድጓዱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋትና ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፤ በበጋ ይቆፈራል። የወጣው አፈር በታችኛው በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ይከመራል፤ የሁለተኛው ረድፍ ጉድጓዶች የመጀመሪያው ረድፍ ክፍተቶች ፊት ለፊት ይሆናሉ። በየ80 ሳንቲ ሜትሩ ከተቆፈረ በሄክታር 15,600 ያህል ጉድጓድ ይወጣዋል። በእያንዳንዱ 300 ግራም የበሰለ ፍግ ሲጨመር ለሄክታር 4.7 ቶን ገደማ ያስፈልጋል። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፤ ምስጡም የጠጠረውን አፈር እየሰረሰረ ለውሃው መንገድ ይከፍታል። ዘዴው የሚሠራው በዓመት ከ300 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ዝናብ ባለበት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጉድጓዱ ውሃ አቁሮ ዘሩን ያበሰብሰዋል። ቁፋሮው አድካሚ ነው፤ በአንድ በጋ ሄክታሩን ሁሉ ለመጨረስ አይነሡ። ሩብ ሄክታር በደንብ ፍግ የጠገበ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ችግኝ እንተክላለን፣ በየዓመቱ ይደርቃል። ዝናቡ ስለተዛባ ነው? ወይስ ተራራውን ከንክኪ ነጻ አድርገን ብንተወው ይሻላል?

መልስ፦ ዝናቡን ከመውቀስ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመርምሩ። አፈሩ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሳይርስ ተተክሏል? ፕላስቲኩ ሳይወጣ ተቀብሯል? ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ ነበር? የደረቀ ችግኝ ነቅለው ይዩት። የፕላስቲኩ ቅርጽ እንዳለ ከወጣ ሥሩ አዲሱን አፈር አልነካም ማለት ነው፤ ያን ችግኝ የትኛውም ዝናብ አያድነውም። የክረምቱ ማብቂያ ላይ የተተከለም ሥር ለመስደድ ጊዜ አላገኘም። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከየችግኙ በታች በግማሽ ክብ ትንሽ ካብ ይሥሩ፣ ከላይ የሚመጣው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይሰብሰብ።

በመሬቱ ውስጥ ሕይወት ያላቸው ጉቶዎችና ሥሮች ካሉ ግን ከመትከል ይልቅ መጠበቅ ይመረጣል። እነዚያ ሥሮች ለዓመታት ጥልቀት ውስጥ ገብተዋል፤ አዲስ ችግኝ የማይደርስበትን እርጥበት ያገኛሉ። በኒጀር ገበሬዎች በማሳቸው ውስጥ የሚያቆጠቁጡትን ጉቶዎች እየተንከባከቡ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ላይ ዛፍ መልሰዋል፤ ችግኝ ጣቢያም አላስፈለጋቸውም።

ከንክኪ ነጻ ማድረግ የሚሳካው ከብቱ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ሲታሰብ ነው። ተራራው ተከልክሎ ሌላው የግጦሽ መሬት እጥፍ ከብት ከተሸከመ አንዱን አድነው ሌላውን አራቆቱት ማለት ነው። በመጀመሪያው ክረምት ሣሩ ይመለሳል፤ በዚያው ዓመት ታጭዶ ለባለ ከብቶቹ ይከፋፈል፤ ከብቱ ግን አይግባ። ሣር የሚያገኝ ሰው ክልሉን ራሱ ይጠብቃል። ተራራው እንደ ጠነከረ ባዶ ድንጋይ ከሆነና ጉቶ ከሌለው ደግሞ ብቻውን መዝጋት ረጅም ዓመታት ይፈጃል፤ ውሃ የሚያስቀር ካብና ትሬንች (ውሃ ማቆሪያ ቦይ) ይጨመርበት፣ ችግኙም እዚያው እርጥበቱ ካለበት ጎን ይተከል።

ጉቶ ለመንከባከብ የሚያስፈልገው ስለታም መሣሪያ ብቻ ነው። ከአንድ ጉቶ ከሚወጡት ብዙ ቀንበጦች ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ከሦስት እስከ አምስት መርጠው ያስቀሩ፤ የቀሩትን ከሥር ይቁረጡ። የተመረጡትን የጎን ቅርንጫፎች እስከ ቁመታቸው ግማሽ ድረስ ያጽዱ፤ ከግማሽ በላይ ከተጸዱ ግንዱ ይሳሳና በነፋስ ይጎብጣል። አቆራረጡ ከታች ወደ ላይ ይሁን፣ ቅርፊቱ እንዳይላጥ። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ አያቃጥሉት፤ በጉቶው ዙሪያ ባዶ አፈር ላይ ይበትኑት። በየጥቂት ወራቱ ተመልሰው አዲስ የሚወጡትን ቀንበጦች ይቁረጡ። ከዓመት በኋላ ከተመረጡት አንዱን ለማገዶ ወስደው የቀሩትን ያሳድጓቸው።